ከማቀዝቀዣው በፊት
አያት፣ የልጅ ልጅና አንዲት የጋለች ስኩተር

ልጄ ስኩተሯን እየገፋ ግቢ ሲገባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ወሩ ግንቦት ነው፤ የድሬዳዋን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ደንገጎ ዳገት ላይ ሞተሩ ቆሞበት፣ ጥላ ፈልጎ አንድ ሰዓት ያህል አስቀዝቅዞት፣ ቁልቁለቱን ሞተር ሳያስነሳ ተንከባልሎ፣ ከተማ ከገባ በኋላ ደግሞ በእጁ ገፍቶ ነው የመጣው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲቆምበት ይህ ሦስተኛው ነው።

«ግድ የለም፣ መፍትሔውን ገዝቻለሁ» አለና ከቦርሳው በላስቲክ የተጠቀለለች ዕቃ አወጣ። መዳፍ የምታክል፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት። አንዱ ጎኗ ልሙጥ ነው፤ ሌላው ጎኗ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በስስ ክንፎች ተደርድሯል። አራት ረጃጅም ብሎኖችም አብረው አሉ። ሞተሩ ላይ ታስራ ሙቀቱን ወደ ውጭ የምታወጣ ማቀዝቀዣ መሆኗን ነገረን። የሁለት ቀን ገቢውን አውጥቶባታል።

እውነቱን ለመናገር ልቆጣው ነበር። ልጄ በአካውንቲንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ይዞ ዞሯል። ስኩተሯን የገዛነው እናቱ እቁብ ሲወጣላት እሱ ካጠራቀማት ጥቂት ብር ጋር አዳብለን፣ አዲስ አበባ ከሚኖር ሰው ያገለገለች ነው። አሁን ከመድኃኒት ቤቶችና ከሱቆች ዕቃ እየተቀበለ ለደንበኞች ያደርሳል። ለኛ ቤት ስኩተሯ መጫወቻ አይደለችም። ሞተሩ ነክሶ ፒስተንና ሲሊንደር ይቀየር ከተባለ የወራት ገቢ መሄዱ ነው። ልጁ ግን በዚህ ላይ ሰማያዊ ጌጥ ገዝቶ መጣ፤ እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነበር።

ቀድመውኝ የተናገሩት አባቴ ናቸው። በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ «እስቲ አምጣት፣ ልያት» አሉ።

አባቴ 79 ዓመታቸው ነው። የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በምድር ባቡር የድሬዳዋ ወርክሾፕ ውስጥ፣ የናፍጣ ሎኮሞቲቮችን ራዲያተርና ቬንትሌተር በመጠገን ነው። ዕቃዋን ገለባበጧት፣ ልሙጡን ጎን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዚያም የልጅ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩትና «ጥሩ ዕቃ ናት። ግን ሞተሩ ለምን ጋለ?» አሉት።

ልጄ የድሬ ልጅ ነውና አያቱንም ቢሆን አንቱ ማለት አያውቅም። «አባባ፣ አንተ የምታውቀው ባቡር ነው። ይሄ ስኩተር ነው፤ ሁሉም ይግላል» አለ።

«ባቡሩም ይግል ነበር። ቢሆንም ምክንያቱን ሳናውቅ ከወርክሾፕ አናስወጣውም» አሉ አባቴ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ጥያቄ ነው። በየሰፈራችን በሞተር ሳይክልና በስኩተር እንጀራቸውን የሚጋግሩ ልጆች አሉ፤ ማቀዝቀዣ የተባለውን ዕቃም የሚገዙ ብዙ ናቸው። ዕቃው ውሸት አይደለም፤ ይሠራል። የሚሠራው ግን በቦታውና በተራው ሲገባ ነው።

ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል

ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ቤንዚን ጎማ የሚያዞረው ጉልበት ከአራት አንድ እጅ ገደማ ነው፤ በትናንሽ ሞተሮች ከዚያም ያንሳል። የቀረው ሙቀት ነው። ከፊሉ ከጭሱ ጋር በማርሚታ ይወጣል፣ ከፊሉ የሲሊንደሩን ግድግዳና ቴስታታውን ያግላል። ፒስተኑ ከላይ የሚነድበት እሳት ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ፒስተኑ የተሠራበት አሉሚኒየም ደግሞ ከ660 ዲግሪ በታች ይቀልጣል። ሳይቀልጥ የሚኖረው ሙቀቱ ሳይጠራቀም ያለማቋረጥ ስለሚወሰድለት ነው።

በመኪና ይህን የሚሠራው ውሃና ራዲያተር ነው። አብዛኞቹ ትናንሽ ስኩተሮች ግን ያላቸው አየርና ዘይት ብቻ ነው። ሲሊንደሩንና ቴስታታውን የከበቡት ስስ ክንፎች የተሠሩት ለዚህ ነው። ትኩስ ገንፎ በጎድጓዳ ሳህን ተከምሮ ሲቀርብና በሰፊ ሳህን ተዘርግቶ ሲቀርብ የቱ ቶሎ እንደሚበርድ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል። ክንፎቹ የሞተሩን ገላ እንደተዘረጋው ገንፎ ያሰፉታል፤ አየሩ የሚነካው ቦታ በጨመረ ቁጥር የሚወስደው ሙቀትም ይጨምራል።

ከገንፎው ሌላ ግን እፍ የሚል ያስፈልጋል። በተራ ሞተር ሳይክል ላይ ሞተሩ ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ጉዞው ራሱ እፍ ይልለታል። ስኩተር ላይ ሞተሩ ከመቀመጫው ስር ተሸፍኖ ነው ያለው። ስለዚህ ከ1946 ጀምሮ በተሠሩት የቬስፓ ስኩተሮች እንደሚታየው፣ በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ቬንትሌተር ይታሰራል፤ ሲሊንደሩንም የላሜራ ወይም የፕላስቲክ ሽፋን ይከበዋል። ሽፋኑ አቧራ መከላከያ ወይም ጌጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዋና ሥራው የአየር ቱቦ መሆን ነው፤ ቬንትሌተሩ የሚገፋውን አየር ሌላ ቦታ እንዳይበተን ይዞ በክንፎቹ መካከል ያሳልፈዋል።

አባቴ ይህን ለልጁ ካስረዱ በኋላ ስኩተሯን ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ሽፋኑስ የት አለ?» ብለው ጠየቁ።

ልጄ ዝም አለ።

ሽፋኑ መኝታ ቤቱ አልጋ ስር ነበር። ጥጉ ላይ ተሰንጥቆ ሲንኳኳ፣ ጓደኞቹም «አውልቀው፣ አየር ያግኝ» ሲሉት ከሁለት ሳምንት በፊት አውልቆታል። አየር እንዲያገኝ ብሎ አየሩን ከልክሎታል። ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል፣ ነፋሱ ግን ወደ ሲሊንደሩ ሳይደርስ ይበተናል። በተለይ ዳገት ላይ፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየሠራ ስኩተሯ ቀስ ብላ ስትሄድ፣ ከመንገዱም ነፋስ የለም፣ ከቬንትሌተሩም የለም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥፋት

እኔ በዚህ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን «መጋል የጀመረችው መቼ ነው?» ብለው ቀጠሉ። ልጁ ሲያስታውስ ለካ ችግሩ የጀመረው ሽፋኑ ከመውለቁ በፊት፣ ስኩተሯ ከአዲስ አበባ እንደመጣች ነው።

በባትሪ መብራት ወደ ክንፎቹ አየን። በክንፎቹ መካከል መኖር የነበረበት ክፍተት በአብዛኛው የለም። ከቴስታታው ጓርኒሲዮን የምትንጠባጠብ ዘይት ከድሬ አቧራ ጋር ተቦክታ ደርቃለች። ሞተሩ በዚህ ሙቀት የሱፍ ብርድ ልብስ ለብሷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፈቱ። ካንዴላ የሞተር ምላስ ነው፤ ሐኪም ምላስ አውጣ እንደሚለው መካኒክም እሱን ያያል። ጫፉ የቡና በወተት ዓይነት ቀለም ካለው ደህና ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም ዘይት እየገባበት ነው። የኛው ነጭ ነበር፣ እንደ አመድ። ቤንዚን አንሶት እየጋለ ነው ማለት ነው።

ይህ ለእኔ እንግዳ ነገር ነበር። ቤንዚን ሲያንስ እሳቱም አንሶ ሞተሩ ሊቀዘቅዝ አይገባም? አባቴ ግቢያችንን አሳዩኝ። ማታ ማታ ለምን ውሃ እንረጫለን? ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቤንዚንም እንደዚሁ ነው። ከአየሩ ጋር ጠብታ ሆኖ ሲገባ እየተነነ የሞተሩን ውስጥ ያበርዳል፤ መጠኑ ከሚገባው ሲያንስ ይህ ማብረጃ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ከፍ ይላል።

ለምን አነሰ? ካርቡራተሩ ሲከፈት ነዳጁን የምታሳልፈው ባለቀዳዳ ትንሽ የነሐስ ብሎን በጠባቧ ተቀይራ ተገኘች። ቀድሞ የነበረው ባለቤት፣ ምናልባትም ነዳጅ እንድትቆጥብለት፣ አስቀይሯት ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ብዙም አያስታውቅም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍታ ላይ አየር ስስ ነው፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሳል። ለስስ አየር ጥቂት ቤንዚን ይበቃዋል። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደዚህ ስትወርድ አየሩ ወፈረ፣ የቤንዚኑ ቀዳዳ ግን እዚያው ጠባብነቱ ላይ ቀረ። ከደጋ ወደ ቆላ ሞተር ይዞ የሚወርድ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ ሞተሩ ሦስት ጥፋት ነበረበት፦ የወለቀ ሽፋን፣ የተደፈነ ክንፍና የጠበበ የነዳጅ ቀዳዳ። ሰማያዊዋ ማቀዝቀዣ ከሦስቱ አንዱን እንኳ አታክምም። በዚያ ላይ ብቻዋን ብትገጠም ልጁ ነገሩ ያለቀ መስሎት ደንገጎን እንደገና ይወጣ ነበር።

ሳይለኩ መጠገን የለም

አባቴ ከመጠገን በፊት መለካት አለበት አሉ። ልጄ ለኮሮና ጊዜ የገዛነውን ግንባር ላይ የሚደገን ቴርሞሜትር አመጣ። ሞተሩ ላይ ደገነው፤ ጩኸት አሰማና ከሰው ትኩሳት በላይ መሆኑን ብቻ ነግሮን አረፈ። ስቀን ስናበቃ ከጎረቤት ፍሪጅ ጠጋኝ ትክክለኛውን ተዋስን።

እሑድ ጠዋት፣ ስኩተሯ እንዳለች፣ ልጁ ከቤታችን ሳቢያን ደርሶ ተመለሰ። ከካንዴላው አጠገብ ያለው የቴስታታው ጎን 171 ዲግሪ አነበበ። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ክንፎቹ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታጠቡ፤ ነጭ ጋዝ ተቀጣጣይ ስለሆነ ይህ የሚሠራው በቀዘቀዘ ሞተር ላይ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ነው። ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ። ሽፋኑ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ባልተሰነጠቀ ተተካ። ሰኞ ደግሞ የሰፈራችን መካኒክ የካርቡራተሩን ብሎን በልኩ ለወጠው። ዘይቱም ተቀየረ። የእንዲህ ያለ ሞተር ዘይት አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ ግማሽ ብርጭቆ ቢጎድልበት ብዙ ጎደለበት ማለት ነው። ዘይት ከማለስለሱ ሌላ ሙቀት ተሸካሚም ነው።

ማክሰኞ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቦታ ሲለካ 138 ሆነ።

ልጄ ማቀዝቀዣዋን አየት አድርጎ «ታዲያ ይህቺን ልጣላት?» አለ። እኔ አዎ ልል ነበር። አባቴ «ለምን? ተራዋ አሁን ደረሰ» አሉት።

አገጣጠሟ

ማቀዝቀዣዋ የምትቀመጠው ከአየር ሽፋኑ ውጭ በሚቀረው የቴስታታው ክዳን ላይ ነው። ከስሩ ትኩስ ዘይት ይረጫል፤ ያንን ሙቀት ክዳኑ ተቀብሎ ለእሷ ያስተላልፋል።

ቀዳሚው ነገር ገጽ ለገጽ መግጠም ነው። ታችዋ የተጣመመ ድስት በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ብትጣድ ቶሎ አትፈላም፤ በመካከል ያለው አየር ሙቀቱን አያስተላልፍም። የማቀዝቀዣዋም ልሙጥ ጎን በቀለም ተሸፍኖ፣ መሃሉም ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ነበር። አባቴ ብርጭቆ ወረቀት በመስኮት መስታወት ላይ አንጥፈው፣ ልጁ ዕቃዋን በዚያ ላይ በክብ እንዲፈትጋት አደረጉ። ግማሽ ሰዓት ፈተጋት። ቀለሙ ለቆ ገጹ በሙሉ እኩል ሲያበራ አቆመ። የክዳኑም ገጽ ተጠረገ። ከዚያ ኮምፒውተር ጠጋኞች የሚጠቀሙባት ሙቀት አስተላላፊ ቅባት በስሱ ተቀባች። ቅባቷ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ለመሙላት ብቻ ናት፤ እንደ ማር ከተለቀለቀች ጉዳቷ ይበልጣል።

ሁለተኛው ነገር ብሎኖቹ ናቸው። ረዥም ብሎን ቀዳዳው ስር ደርሶ ይቆምና ጠብቋል ያሰኛል፤ ዕቃው ግን ስሩ ላይ ላላ ነው፣ ዘይትም ያፈሳል። አባቴ የክብሪት እንጨት ቀዳዳው ውስጥ አስገብተው ጥልቀቱን ለኩ። አንዱ ብሎን በሁለት ሚሊ ሜትር ስለበለጠ ሮንደላ ተጨመረለት። ማጥበቁም በጉልበት አይደለም። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ በቀላሉ ይላጣል። በአጭር ቁልፍ፣ በመስቀለኛ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ እየተዛወሩ ጥቂት በጥቂት ነው። ልጄ አንዴ ሲበረታ አያቱ እጁን ያዙት።

ሦስተኛው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ትንሿ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ ሲገባ ሮጣ ስኩተሯን ታቅፋለች። ማቀዝቀዣዋ ደግሞ ሥራዋ ከሞተሩ ሙቀት ተቀብላ ወደ ውጭ ማውጣት ነው፤ እንደ ማርሚታው ሁሉ ታቃጥላለች። ጠርዟም ስለት ነበረው። ጠርዟን በሞረድ አጠፉት፣ አቀማመጧም ከስኩተሯ ጎን ውጭ እንዳትወጣ ሆነ። ሽፋኑን የሚነካ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እግር የሚደርስበት ቢሆን ኖሮ ይቅር እንል ነበር።

ሞተሩ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ታዩ፤ ዘይት የሚያፈስ ነገር አለመኖሩም ተረጋገጠ። ሐሙስ ጠዋት በዚያው መንገድ ተለካ። 133።

ልጁ ቁጥሩን ለጥቂት ጊዜ አየው። ጥፋቱ መታረሙ 33 ዲግሪ ቀንሷል፣ የተገዛችው ዕቃ 5። የአንድ ሞተር ልኬት ነው፤ የሌላው ይለያል። አባቴ ግን አምስቱንም አልናቋትም። «ዳገት ላይ አምስት ዲግሪ መልካም ናት። ቀድማ ብትገጠም ኖሮ ግን ታታልልህ ነበር» አሉት።

ልጃችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ ቢመጣ

ከመግጠማችሁ በፊት አብራችሁ የምታዩት ይህ ነው። የአየር ሽፋኑ በቦታው አለ? አልተሰነጠቀም? የቬንትሌተሩ ክንፍ አልተሰበረም፣ ፌስታል አልያዘም? በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል ብርሃን ይታያል? ዘይቱ ልክ ነው? ከካርቡራተር ወደ ሞተር የሚሄደው ጎማ አልተሰነጠቀም? የካንዴላው ቀለም ምን ይላል? እነዚህ በሙሉ ደህና ሆነው ሞተሩ አሁንም ከጋለ መካኒክ ይየው። ዕቃዋ ከዚያ በኋላ ትገጠም።

ሞተር እየነደደ ሲቆም ውሃ አይደፋበት። የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥላ ስር አጥፍቶ መጠበቅ ነው።

ሕፃን ማርሚታ ወይም የጋለ ሞተር ቢነካ ደግሞ ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር ለ20 ደቂቃ ይያዝ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቡና አይደረግበት። ውሃ ከቋጠረ ወይም ከሕፃኑ መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ደንገጎን ብዙ ጊዜ ወጥቷል። አሁን ወደ ዳገቱ ከመግባቱ በፊት ቆም ብሎ ዘይቱን ያያል፤ ይህን እኔ አልነገርኩትም። በመጀመሪያው ቀን ቀድሜ ተቆጥቼ ቢሆን ኖሮ ዕቃዋን ደብቆ ሌላ ቦታ ያስገጥማት ነበር፤ የአልጋው ስር ሽፋንም እዚያው ይቀር ነበር። ይህን ሳስብ አፌን የዘጋልኝን የአባቴን ጥያቄ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቹን ከነስኩተራቸው ይዞ መጣ። ሁለቱም ሽፋን የላቸውም። አባቴ ከበረንዳው ሳይነሱ አዩዋቸውና «ሽፋናችሁን ይዛችሁ ተመለሱ» ብለው ቡናቸውን ቀጠሉ። አንዱ ልጅ ማታውኑ ተመልሷል።